የማን ገጽ ለማን? ካሽን በሲዲኤን ላይ በትክክል ስለማዋቀር

በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ስቲም የተባለውን የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ የከፈቱ አንዳንድ ሰዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። የራሳቸውን አካውንት ሲከፍቱ የሌላ ሰው አካውንት መጣላቸው። የማያውቁት ሰው ኢሜይል፣ የግዢ ታሪክ፣ የክፍያ አድራሻ ቁጭ ብሎ አገኙት። አንዳንዱ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ በሌላ ቋንቋ ተከፈተለት። «ስቲም ተጠለፈ» የሚል ወሬ ወዲያው ተሰራጨ።

የስቲም ባለቤት ቫልቭ ከቀናት በኋላ ባወጣው መግለጫ የተናገረው ግን ሌላ ነው። በዚያን ዕለት ድረ ገጹን በጥያቄ ብዛት ለማጨናነቅ ጥቃት ተከፍቶበት ነበር፤ ትራፊኩ በቅናሽ ሽያጭ ወቅት ከሚኖረው አማካይ በ2,000 በመቶ ጨምሮ ነበር። ይህን ለመቋቋም የካሽ አገልግሎት የሚሰጠው አጋር ድርጅት አዳዲስ የካሽ ደንቦችን ሥራ ላይ አዋለ። ከነዚህ አንዱ ግን አካውንታቸው ውስጥ ለገቡ ሰዎች የተዘጋጁ ገጾችንም ጭምር ማስቀመጥ ጀመረ። በአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ የ34,000 ያህል ተጠቃሚዎች ገጽ ለሌሎች ታይቶ ሊሆን እንደሚችል ቫልቭ ገልጿል። ሙሉ የካርድ ቁጥርም ሆነ የይለፍ ቃል በገጾቹ ላይ ስላልነበረ ጉዳቱ ከዚያ አላለፈም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ገጾቹን ያቀያየረው የካሽ ደንብ እንጂ ሰርጎ ገብ አይደለም። ስለ ካሽ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ግን የሚመጣው ሁለት ጥያቄዎች በትክክል ሲመለሱ ነው። አንደኛ፣ ይህ መልስ ለማን ነው? ሁለተኛ፣ እስከ መቼ ያገለግላል? ካሹ በራሱ የሁለቱንም መልስ አያውቅም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሲዲኤን ለምን አስፈለገ?

ከርቀት እንጀምር። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ደርሶ መልስ ከ53 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም ማለት ነው። እውነተኛው ገመድ ደግሞ እንደ ወፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ገመድ የሚያገኘው።

ብሮውዘሩም አንዴ ተመላልሶ አይበቃውም። ግንኙነት ለመክፈት አንድ ደርሶ መልስ፣ በምስጠራው ላይ ለመስማማት ቢያንስ አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ ሌላ አንድ። ሦስት ጊዜ 53 ወደ 160 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህ እንግዲህ ሰርቨሩ ምንም ሳያስብ ቢመልስ እንኳ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ምስሎቹ፣ ፊደሎቹና የፕሮግራም ፋይሎቹ መምጣት የሚጀምሩት። ሰርቨሩን በጣም ኃይለኛ ብታደርጉት ይህ ጊዜ አይቀንስም። መንገዱን ማሳጠር ነው ያለው አማራጭ።

ሲዲኤን፣ ማለትም የይዘት ማሰራጫ መረብ፣ የሚሠራው ይህንን ነው። በብዙ ከተሞች ሰርቨሮችን ያስቀምጥና የድረ ገጻችሁን ቅጂ ለተጠቃሚው ከሚቀርበው ሰርቨር ላይ ይሰጣል። አገልግሎቱን ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ አካማይ ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የኤምአይቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን ከሌሎች ጋር ሆነው መሠረቱት።

ነገሩ ከሰፈር ሱቅ ብዙም አይለይም። ባለሱቁ ሳሙና በጠየቃችሁት ቁጥር መርካቶ አይሄድም። አንዴ አምጥቶ መደርደሪያው ላይ ይደረድራል፤ ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ብቻ ይመለሳል። መርካቶ ዋናው ሰርቨራችሁ ነው፤ ሱቁ የሲዲኤኑ የቅርብ ሰርቨር። የተፈለገው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ከተገኘ «ሂት»፣ ካልተገኘና ወደ መርካቶ መላክ ካስፈለገ «ሚስ» ይባላል።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። የሰፈር ባለሱቅ ደንበኞቹን በመልክ ያውቃል። «ይህን ቁልፍ ለአልማዝ ስጥልኝ» ብላችሁ አደራ ብትተዉ ለአልማዝ ነው የሚሰጠው። የሲዲኤን ሰርቨር መልክ አያውቅም። የሚያየው ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በዚያ ስም ለጠየቀው ሁሉ አንስቶ ይሰጣል።

ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ፦ የካሽ ቁልፍ

ያ ጽሑፍ በቴክኒኩ ቋንቋ የካሽ ቁልፍ ይባላል። ሁለት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ ካላቸው ካሹ ሁለቱንም እንደ አንድ ጥያቄ ያያቸውና አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። በተለምዶ ቁልፉ የገጹ ሙሉ አድራሻ ነው። የጠያቂው ማንነት ቁልፉ ውስጥ የለም።

የስቲም ችግር ከዚህ ይገባችኋል። የአካውንት ገጽ አድራሻ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ሰርቨሩ አበበን ከሂሩት የሚለየው ብሮውዘሩ አብሮ በሚልከው ኩኪ ነው። ካሹ ግን ኩኪውን ከቁልፉ ውስጥ አላስገባም። አበበ መጀመሪያ ከመጣ የአበበ ገጽ ይቀመጣል፤ ቀጥላ የመጣችው ሂሩት የአበበን ገጽ ታገኛለች። ማንም ምንም አልሰበረም፤ ካሹ የተነገረውን ነው የሠራው።

ቋንቋም እንደዚሁ ነው። በአንድ አድራሻ ላይ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚያቀርብ ድረ ገጽ ካላችሁና ምርጫው የሚቀመጠው በኩኪ ከሆነ፣ መጀመሪያ የገባው ሰው የመረጠው ቋንቋ ለሁሉም ይደርሳል። «ቬሪ» በሚባለው ሄደር አማካኝነት «ይህ መልስ እንደ ቋንቋ ምርጫው ይለያያል» ማለት ይቻላል። ግን ሲዲኤኖች ለዚህ ሄደር የሚሰጡት ክብደት እኩል አይደለም። ደግሞ ብሮውዘሮች የሚልኩት የቋንቋ ዝርዝር ብዙ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ገጽ በብዙ ቅጂ ይበታተናል። ቀላሉና አስተማማኙ መላ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን አድራሻ መስጠት ነው። አድራሻው ከተለየ ቁልፉም በራሱ ይለያል።

በተቃራኒው ደግሞ ቁልፉ ከሚገባው በላይ ሲለያይ ካሹ ጥቅም ያጣል። ከፌስቡክ የሚመጣ ሊንክ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ኤፍቢክሊድ» የሚባል ረጅም መለያ ተቀጥሎበት ነው የሚመጣው። ያ መለያ የገጹን ይዘት በምንም አይለውጠውም፤ ለካሹ ግን አዲስ አድራሻ ነው። አንድ ዜና በፌስቡክ ሲሰራጭ፣ ማለትም ካሹ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ ጎብኚ አዲስ ቁልፍ ይዞ ይመጣና ሁሉም ወደ ዋናው ሰርቨር ያልፋል። ስለዚህ ሲዲኤኑ ላይ «ይህን ዓይነት መለያ ከቁልፉ ውስጥ አውጣው» የሚል ደንብ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሕጉ በአጭሩ ይኸው ነው፦ መልሱን የሚለውጥ ነገር ሁሉ ቁልፉ ውስጥ ይግባ፤ የማይለውጥ ይውጣ። መልሱን የሚለውጠው የሰው ማንነት ከሆነ ግን መልሱ የጋራ ካሽ ውስጥ ጭራሽ አይግባ።

ለማን? የሰርቨሩ ትእዛዝ

ይህንን ለካሹ የምንነግረው ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር በሚልከው «ካሽ-ኮንትሮል» በተባለ ሄደር ነው። ውስጡ የሚጻፉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ስማቸው ያሳስታል።

«ፐብሊክ» ማለት መልሱ የጋራ ነው፣ ማንኛውም ካሽ ሊያስቀምጠው ይችላል ማለት ነው። «ፕራይቬት» ማለት የተጠቃሚው ብሮውዘር ያስቀምጠው፣ ሲዲኤኑ ግን አይንካው ማለት ነው። «ኖ-ስቶር» ማለት ማንም፣ የትም አያስቀምጠው ማለት ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው «ኖ-ካሽ» ነው። ስሙን የሰማ ሰው «አታስቀምጥ» ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን «ማስቀመጥ ትችላለህ፤ ከመስጠትህ በፊት ግን አሁንም ልክ መሆኑን ሁልጊዜ ዋናውን ሰርቨር ጠይቅ» ነው። የሰው የግል መረጃ ያለበት ገጽ ላይ የሚያስፈልገው «ኖ-ስቶር» ነው።

ሄደሩን ዝም ብንል ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍተት አለ። የካሽን ሕግ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የታደሰው አርኤፍሲ 9111፣ «ኦቶራይዜሽን» የሚባል ሄደር ይዞ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ በግልጽ ካልተፈቀደ በጋራ ካሽ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ለኩኪ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ድረ ገጽ የምንገባው በኩኪ ነው! ስለዚህ «መስፈርቱ ይጠብቀኛል» ብሎ መተው አያዋጣም። ብዙ ሲዲኤኖች በራሳቸው ተነሳሽነት ጥንቃቄ ይጨምራሉ፤ ጥንቃቄው ግን ከአንዱ ሲዲኤን ወደ ሌላው ይለያያል፤ እናንተው በጻፋችሁት ደንብም ሊሻር ይችላል።

ክላውድፍሌርን ብንወስድ፣ ምንም ካልተነካ የገጽ ጽሑፍን አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው በፋይሉ ስም መጨረሻ እያየ ምስል፣ የገጽ ማስዋቢያና የመሳሰሉትን ነው። ጥሩ ጥንቃቄ ይመስላል። ዖመር ጊል የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳየው ግን እንዲህ ያለው «በስሙ መጨረሻ ለይ» የሚል ደንብ በራሱ ሊታለል እንደሚችል ነው። አጥቂው በአካውንት ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ የሌለ የማስዋቢያ ፋይል ስም ይቀጥልና ሊንኩን ለተጠቂው ይልካል። ዋናው ሰርቨር ቅጥያውን ችላ ብሎ የአካውንቱን ገጽ ይመልሳል፤ ካሹ ደግሞ የስሙን መጨረሻ አይቶ «ይህ የማስዋቢያ ፋይል ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ አጥቂው ያንኑ አድራሻ ከፍቶ የተጠቂውን ገጽ ያነባል። መከላከያው ሁለት ነው። ዋናው ሰርቨር የማያውቀውን አድራሻ «የለም» ብሎ ይመልስ፤ የግል ገጾች ሁሉ «ኖ-ስቶር» ይዘው ይውጡ፤ ሲዲኤኑም ይህን ትእዛዝ የሚሽር ደንብ አይኑርበት።

እስከ መቼ? ዕድሜ መስጠት

ሁለተኛው ጥያቄ ጊዜ ነው። «ማክስ-ኤጅ» መልሱ ስንት ሰከንድ እንደሚያገለግል ይናገራል። «ኤስ-ማክስኤጅ» ደግሞ ያንኑ ለጋራ ካሽ ብቻ ይናገራል። ሁለቱ ለምን ተለዩ? ሲዲኤኑ ላይ ያለውን ቅጂ በፈለጋችሁ ጊዜ ማስጠፋት ትችላላችሁ፤ ይህም «ፐርጅ» ይባላል። ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ቅጂ ግን ማስጠፋት አትችሉም። ለብሮውዘር «ለአንድ ሳምንት ያዘው» ካላችሁ የተሳሳተ ገጽ ቢሆን እንኳ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ልማድ የሚከተለው ነው። እንደ ምስልና የፕሮግራም ፋይል ላሉ ነገሮች በየጊዜው በስማቸው ውስጥ ከይዘታቸው የተሰላ መለያ ይገባል፤ ይዘቱ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። እንዲህ ላለ ፋይል ዕድሜው አንድ ዓመት፣ ማለትም 31,536,000 ሰከንድ፣ ቢሆን ምንም ችግር የለውም። አዲሱ ፋይል አዲስ ስም ስላለው አሮጌውን ማንም አይጠይቀውም። ገጹ ራሱ ግን ስሙ ስለማይቀየር ለብሮውዘር 0፣ ለሲዲኤን አጭር ዕድሜ ይሰጠዋል።

አጭር ስንል ምን ያህል? 60 ሰከንድ እንኳ ተአምር ይሠራል። አንድ ገጽ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይጠየቃል እንበል፤ በደቂቃ 60,000 ነው። ሁሉም በአንድ የቅርብ ሰርቨር በኩል ቢመጡ ዋናው ሰርቨር በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል። ይህ እንዲሆን ግን ዕድሜው ባለቀባት ቅጽበት የመጡትን ጥያቄዎች ሲዲኤኑ አስተባብሮ አንዱን ብቻ መላክ አለበት። ያለበለዚያ ሁሉም በአንዴ ዋናውን ሰርቨር ይወሩታል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5861 ሁለት ጠቃሚ ትእዛዞች ጨምሯል። «ስቴል-ዋይል-ሪቫሊዴት» ሲዲኤኑ አሮጌውን ለተጠቃሚው ሰጥቶ በጎን አዲሱን እንዲያመጣ ይፈቅዳል። «ስቴል-ኢፍ-ኤረር» ደግሞ ዋናው ሰርቨር ስህተት ሲመልስ ወይም ጭራሽ ሳይገኝ ሲቀር አሮጌውን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሁለተኛው መብራት ወይም መስመር በሚቋረጥበት ቦታ ላለ ሰርቨር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሰርቨሩ ጠፍቶም የትናንቱ ገጽ ይነበባል።

ሁሉንም በአንድ ላይ፦ የፈተና ውጤት ቀን

አሁን ወደምናውቀው ነገር እንምጣ። ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን አስቡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 100,000 ተማሪ ገባ እንበል፤ በሰከንድ 167 ሰው ገደማ ነው። ገጹ 30 ፋይሎች ካሉትና አንድ የውጤት ጥያቄ ከተጨመረ፣ በሰከንድ ከ5,000 በላይ ጥያቄ ነው። ገጹ እንቢ ሲል ደጋግሞ የሚጫነውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ጥያቄዎቹን በ«ለማን» እንክፈላቸው። 30ዎቹ ፋይሎች ለሁሉም አንድ ናቸው፤ የመመዝገቢያ ቁጥር የሚገባበት ገጽም ለሁሉም አንድ ነው። እነዚህ ሙሉ በሙሉ ከሲዲኤን ይሰጡ። ዋናው ሰርቨር የሚቀሩበት በሰከንድ 167 የውጤት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። «ውጤቱ እኮ አይለወጥም፤ አድራሻው ውስጥም የተማሪው ቁጥር አለ፤ ስለዚህ ቁልፉ ይለያያል፤ እሱንም ካሽ እናድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁልፉ በርግጥ ይለያያል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጠያቂው ውጤቱን የማየት መብት እንዳለው የሚያጣራው ዋናው ሰርቨር ነው። ገጹ አንዴ ሲዲኤኑ ላይ ከተቀመጠ፣ ሌላ ደንብ ካልተጻፈለት በቀር፣ ሲዲኤኑ ማንንም ምንም ሳይጠይቅ ነው የሚሰጠው። አድራሻውን የገመተ ሁሉ የሌላውን ልጅ ውጤት ያነባል። በቅሬታ የተስተካከለ ውጤት ቢኖርም አሮጌው መታየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የውጤቱ መልስ «ኖ-ስቶር» ነው። ጫናውን ማቃለል ካስፈለገ ዳታቤዙን ማጠናከር ወይም ሰውን በወረፋ ማስገባት ይሻላል።

ይህን ክፍፍል በአድራሻ ደረጃ ማስቀመጥ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። የጋራው ሁሉ በአንድ መንገድ ሥር፣ የግሉ ሁሉ በሌላ መንገድ ሥር ይሁን። ሲዲኤኑ ላይ «በዚህ መንገድ ሥር ያለውን አስቀምጥ፤ ሌላውን አትንካ» የሚል ደንብ ይጻፋል። ነገ አዲስ ገጽ የሚጨምር ባልደረባ ቢረሳ እንኳ የተረሳው ገጽ ይዘገያል እንጂ አይሾልክም። «ሁሉንም አስቀምጥ፤ እነዚህን ብቻ ተው» ብሎ የተጻፈ ደንብ ላይ ግን የተረሳው ገጽ ለሕዝብ ይወጣል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ፈትሹ

ፈተናው ቀላል ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት የሙከራ አካውንት ክፈቱ። በአንዱ ብሮውዘር አንደኛውን፣ በሌላው ብሮውዘር ሁለተኛውን አስገቡ። የግል ገጾችን እየተፈራረቃችሁ ክፈቱ፤ ስም ከተቀያየረ ችግሩን አገኛችሁት። በሦስተኛ፣ ምንም አካውንት ባልገባበት ብሮውዘርም ሞክሩ።

ከዚያ የመልሱን ሄደሮች እዩ። «ኤጅ» የሚባለው መልሱ ካሽ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይናገራል። ብዙ ሲዲኤኖች ሂት ወይም ሚስ መሆኑንም በራሳቸው ሄደር ይጽፋሉ። ምስል ላይ ሂት ካላያችሁ ገንዘባችሁ በከንቱ እየወጣ ነው። የግል ገጽ ላይ ሂት ካያችሁ ግን ወዲያው አቁሙ፤ መጀመሪያ ደንቡን አስተካክሉ፣ ከዚያ ፐርጅ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያጸዳችሁት ካሽ በዚያው በተሳሳተ ደንብ መልሶ ይሞላል።

በመጨረሻ፣ የስቲም ደንብ የተጻፈው በጥቃት መሃል፣ በጥድፊያ እንደነበር አንርሳ። ሰርቨር ሲንገዳገድ የሚመጣው የመጀመሪያው ሐሳብ «ካሹን እናስፋው» ነው፤ ሐሳቡም ስህተት አይደለም። ግን የትኛው ገጽ የጋራ፣ የትኛው የግል እንደሆነ ዝርዝሩ ቀድሞ ካልተጻፈ፣ በዚያ ሰዓት የሚጽፈው ሰው በግምት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የአደጋ ጊዜውን ደንብ በሰላሙ ጊዜ ጻፉት፤ በሁለቱ አካውንት ፈትኑት፤ አስቀምጡት። የሚያጠራጥር ገጽ ሲገጥማችሁ ደግሞ አታስቀምጡት። ቀርፋፋ ገጽ ሰውን ያናድዳል፣ ነገም ይስተካከላል፤ ለማያውቁት ሰው የታየ የግል ገጽ ግን በፐርጅ አይመለስም።